በቃለ ጉባኤው ያልገባ

አጀንዳ አራት ላይ፣ ልክ ከምሳ በፊት፣
«አንዲት አባል ጠየቁ፤ ተመዘገበ» አልኩት።
አራት ቃል ብቻ ናት ለዚያ ሁሉ ዝምታ፤
የቀረው እኔ ጋር አደረ፣ እንዳልተከፈለ ውለታ።

በቅርጫት ኳስ ሜዳው፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
ሰማንያ ወንበር፤ ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ በልጅ የተሞላ፤
ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ቀይ አቧራ ይነሳል፣
ከአሊስ ስፕሪንግስ የመጣው ሒሳብ ሹም አንገቱን ይጠርጋል።
ኩባንያው ለመሬታችን በየዓመቱ የሚከፍለው
በሠላሳ ገጽ ታትሟል፤ ማን ነው የሚያነበው?
እሱ አነበበልን፤ ቁጥሩ እንደ ዝንብ ሰፈረብን፤
«ሌላ ጥያቄ አለ?» አለ፣ «የለም» ሊልልን።

ያን ጊዜ ማቪስ ተነሱ።
ተነሱና ዞሩ።
ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው
ፊታቸውን ወደ እሾሃማው ሣር መለሱ።

ሒሳብ ሹሙ ንቀት መሰለው፤ ቀና ብሎ አየኝ።
እኛ ግን አወቅን፦
ሊቀ መንበሩ ክሊፍተን የልጃቸው ባል ነው፤
በእኛ ሕግ አማትና አማች ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣
አንድ ጥላ አይጋሩም፣ ቃል አይመላለሱም።
ጠብ አይደለም፣ ክብር ነው፤ ከወረቀት በፊት የነበረ።
የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ገጽ ሦስት ላይ
«ሊቀ መንበሩ ተጠያቂ ነው» ይላል።
ተጠያቂ። ማን ይጠይቀው?

መሐል ላይ የቆመች የልጅ ልጃቸው ናት፣
ታርሊያ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጉልበቷ ላይ ቁስል አላት።

«ታርሊያ፣» አሉ ማቪስ በረሃውን እያዩ፣
«ከኋላዬ አንድ ሰው ተቀምጧል ይባላል፤ ንገሪው፦
የጉድጓዱ ፓምፕ የት ደረሰ? ሁለት በጋ አለፈ፤
መኪናው ግን መጣ፣ አቧራ እየገፈፈ።
መኪናው የጸደቀው በመስከረም ጉባኤ ነው፤
ወረቀቱን አይቻለሁ፤ ዘጠነኛው ፊርማ የማን ነው?»

ታርሊያ ሮጣ ነገረች።
ስሙን እኔም አውቀዋለሁ፤ እዚህም አልጽፈውም።
የማቪስ ወንድም ነው። በሐምሌ ቀብረነዋል።
ከዚያ ወዲህ ያን ስም አፍ አልነካውም፤
ሞክሼው፣ የሱቁ ልጅ እንኳ፣ ሌላ ስም ወጥቶለታል።
ዘጠኝ ካልሞላ አይጸድቅም፤ የነበሩት ስምንት፤
ማንም የማይጠራውን ስም ማን ይጠይቃል ብሎ
አንድ ሰው ቆጠረው፣ ከሕያዋን ቀላቅሎ።

«ደግሞ ንገሪው፤» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር፣
«በሐምሌ የቀበርነው እጅ በመስከረም ከፈረመ፣
ለመኪናው ብቻ ነው? ለፓምፑስ ምነው ደከመ?»

ሳቅ ሊመጣ ነበር። አልመጣም።

ክሊፍተን ብድግ አለ። ግዙፍ ሰው ነው፤
በወጣትነቱ ኳስ ይዞ ሲሮጥ አጥር ይነቃነቅ ነበር።
እሱም ዞረ።
ጀርባ ለጀርባ ቆሙ፣ ሃያ እርምጃ ተራርቀው።
«ለጠየቀው ሰው ንገሪ፤» አለ፣
«መኪናው ኩላሊት ለሚያሳጥቡ ሦስት ሽማግሌዎች
በየሳምንቱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል።
አንደኛዋ የሷው እህት ናት።
ፊርማው ግን...»

ልጅቷ ጠበቀች።
አንድ እግሯን በሌላው እያከከች ጠበቀች።
«ፊርማው ግን፣ ምን ልበላት?»

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ የወረቀቱ ጫፍ ላይ፤
ነፋስ እንዳይወስደው ያህል።
ቁልፉን ማንም አላነሳውም።
ሒሳብ ሹሙ ሰዓቱን አየና «ምን እንጻፍ?» አለኝ፤
እኔም አራቱን ቃል ጻፍኩ። ምሳ ሆነ። ሰው ተበተነ።

በመስከረሙም ጉባኤ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤
ስምንት ወንበር አይቼ «ዘጠኝ» ብዬ የቆጠርኩ።

ማቪስ እስኪመሽ አልዞሩም።
ታርሊያ መሐል ሜዳው ላይ ቀርታለች፤
አባቷን አታይም፣ አያቷንም አታይም፤
እኔን ነው የምታየው።